የታናሹ መርዶ

ዳኛው «ማስረጃ» የምትለዋን ቃል ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሷት፣ መምህርቷ የእስክሪብቶዋን ክዳን በጥርሷ ሰበረችው። ዳኛው ከችሎት ከወረዱ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል፤ ችሎቱ ግን ከእሳቸው አልወረደም። በማዘጋጃ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ የፕላስቲክ ወንበር በሞላባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የከተማዋን የጦርነት ሟቾች ስም ድንጋይ ላይ ለማስቀረጽ የተሰበሰበውን ኮሚቴ እንደ ችሎት ይመሩታል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጡ ውሳኔ ሊሰጡ ነው ማለት ነው። አሁንም አወለቁት።

«እህቴ፣ ሐዘንዎን እንረዳለን» አሉ፣ በሩ አጠገብ ለቆመችው ልብስ ሰፊ። «ግን ኮሚቴው የሚቀበለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ወይ ከጦሩ የመጣው የመርዶ ደብዳቤ፣ ወይ ቤተሰብ ደብዳቤውን ፈርሞ መቀበሉን የሚያሳየው የፖስታ ቤቱ የርክክብ መዝገብ። የታላቅ ወንድምዎ አለ፤ ይቀረጻል። የታናሽየው የለም።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ያልመጣ ሰው ምን ሆነ ልትሉኝ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የጠፉም ነበሩ» አለ ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ ባለሆቴሉ፣ ወደ መስኮቱ እያየ፣ ለመስኮቱ የሚናገር ይመስል።

በዚያች ከተማ «የጠፋ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ከጦር ሜዳ የከዳ፣ ጓዶቹን ጥሎ የሸሸ ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ቃል ከሃያ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። መጀመሪያ ከጎረቤት፣ ቀጥሎ መንገድ ላይ ከሚጫወቱ ልጆች፣ በመጨረሻም ሊያገባት ቀለበት ካሰረላት አናጢ እናት አፍ ሰምታዋለች። ቀለበቱን በዚያው ሳምንት መለሰች። ከዚያ ወዲህ የሰው ሙሽሮች ልብስ ስትሰፋ ኖረች። ዛሬ ግን አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም።

«የድንጋዩን መሸፈኛ ጨርቅ አርብ ጠዋት አደርስላችኋለሁ» ብላ ወጣች።

መምህርቷ ደሟ ፈላ። «ወንድሟን የማትጽፉበትን ድንጋይ መሸፈኛ እሷኑ ስታሰፏት አታፍሩም?» አለች። «ዓይናችሁን በጨው ነው እንዴ ያጠባችሁት?»

ተማሪዎቿ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል። የታሪክ አስተማሪ ናት። ልጅ ፈተና ላይ ሲሳሳት የምትቆጣ፣ የጋዜጣ ዜና ሲሳሳት የምትቆጣ፣ የመቃብር ድንጋይ ላይ ቀን ሲሳሳት እንኳ ለጠባቂው ሄዳ የምትቆጣ ሰው ናት። የሟቾቹን ዝርዝር ያወጣችው እሷ ነች። አራት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ሳትል፣ ከቤት ቤት ዞራ፣ ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ ፎቶግራፎችን አስወጥታ፣ አሮጊቶችን አስለቅሳ፣ አብራ አልቅሳ፣ ስልሳ ሁለት ስም ሰብስባለች። የዝርዝሩ ምሰሶ ደግሞ የአባቷ መዝገብ ነው። አባቷ በጦርነቱ ዘመን የከተማዋ ፖስተኛ ነበሩ። መርዶ በአደራ ደብዳቤ ይመጣል፤ እሳቸው ይዘው በር ያንኳኳሉ፤ ማንበብ የማይችል ቤት ከሆነ ቆመው ያነቡለታል፤ ከዚያ መዝገቡ ላይ ያስፈርማሉ። በየመስመሩ ስም፣ ቀን፣ ፊርማ ወይም የአውራ ጣት አሻራ አለ። ያንን መዝገብ ከቤቷ አውጥታ ለኮሚቴው ያበረከተችው ራሷ ናት።

ዳኛው አልተቆጡም። እሷ ስለ ከተማዋ ሟቾች ጽፋ ኮሚቴው ያሳተመውን ቀጭን መጽሐፍ ከፊታቸው አንስተው ገጽ ዘጠኝን ገለጡ።

«መምህርት፣ ይህ የርስዎ ጽሑፍ ነው» አሉና ቀስ ብለው አነበቡ። «‹አባቴ ስልሳ ሁለት መርዶ ተሸክሞ ስልሳ ሁለት በር አንኳኳ። ከእጁ የቀረ አንድም ደብዳቤ የለም።› እንግዲህ አንድም ደብዳቤ ካልቀረ፣ ለዚህ ልጅ ደብዳቤ አልተላከም። ካልተላከ ደግሞ ሞቱን ጦሩ አያውቀውም። ወይስ አባትዎን ይጠረጥራሉ?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚህ ወረቀቱም የእሷ፣ ሞኟም እሷ ሆነች። ድንጋይ ጠራቢው ብቻ ከጥግ ሆኖ፣ እጁ ላይ የደረቀውን ነጭ ዱቄት እያራገፈ፣ «ታች አንድ መስመር ቦታ አለኝ» አለ። «እስከ አርብ እኩለ ቀን። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ይቆማል፤ ከቆመ በኋላ እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ፊደል አልቆፍርም።»

ስትወጣ ዳኛው ከኋላዋ ተጣሩ። «ያቺን የአባትዎን የፖስታ ቦርሳ አይርሷት። በምረቃው ዕለት አዳራሹ ውስጥ እናስቀምጣታለን።»

መምህርቷ ቤቷ የደረሰችው ብቻዋን እየተሟገተች ነው። ደረጃውን ስትወጣ ዳኛውን ረታች፤ በሩን ስትከፍት ባለሆቴሉን አዋረደችው። የአባቷን ቦርሳ ከቁምሳጥኑ አናት አውርዳ የጫማ ቀለም ቀባቻትና በጨርቅ ታሻት ጀመር። ቆዳው የዳኛው ራስ የሆነ ይመስል ታሸዋለች። በዚህ መሐል የቦርሳዋ ወለል፣ ቅርጿን እንዲይዝ የገባው ካርቶን፣ ከአንድ በኩል ብድግ አለ። መልሳ ልትጫነው ስትል ከሥሩ የወረቀት ጫፍ አየች።

ፖስታ ነው። ያልተከፈተ። ከፊቱ የጦሩ ማኅተም፣ የልብስ ሰፊዋ እናት ስምና የቤት ቁጥር አለበት። የታላቁ ይሆናል ብላ አሰበች፤ ግን የታላቁ ደብዳቤ ደርሷል፤ አሻራውም መዝገቡ ላይ አለ። ቀኑን አየች። የታላቁ መርዶ ከደረሰ ከሃያ ቀን በኋላ የተላከ ነው። የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ፖስተኛ ያላደረሰውን የአደራ ደብዳቤ ወደ ፖስታ ቤት ሲመልስ ምክንያቱንና ቀኑን ከጀርባው ይጽፋል። ደንብ ነው። አባቷ ደንብ የሚያከብሩ ሰው ነበሩ። የፖስታው ጀርባ ከላይ እስከ ታች በእሳቸው ደቃቅ ጽሑፍ ሞልቷል።

«ተቀባይ አልተገኘችም።» «ተቀባይ ታማለች።» «ተቀባይ እንግዳ አላት።» «ተቀባይ ልብስ እያጠበች ነው።» «ተቀባይ ውሃ ሰጠችኝ።» «ተቀባይ ስትስቅ ሰማኋት።» እንዲህ እንዲህ እያለ፣ እየሳሳ፣ ከወር ወደ ወር፣ ከዓመት ወደ ዓመት ይወርዳል። መምህርቷ እንደ ልማዷ ቆጠረች። አሥራ አንድ ነው። አሥራ አንደኛው «ተቀባይ ሞታለች» ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

አባቷ የታላቁን መርዶ ለእናትየው ያነበቡበት ቀን ትዝ አላት። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ ፊታቸው በሐዘንተኛዋ እናት ጥፍር ተቧጥሮ ገቡ፤ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ እራት ሰዓት ድረስ ተቀመጡ። ምን ሆኑ ብላ ስትጠይቅ «ሆድ ይፍጀው» አሏት። ሁልጊዜ እንዲህ ይሉ ነበር። ልጅ ሆና ይህች ቃል የትልቅ ሰው ትዕግስት ትመስላት ነበር። አሁን ግን የሳቸው ሆድ የፈጀው የራሳቸውን ነገር እንዳልሆነ ገባት፤ የሰው ሞት፣ የሰው ስም፣ የአንዲት ልጅ ትዳር ነው የፈጀው።

ለእናትየው ማዘናቸውን መረዳት ትችላለች። በሃያ ቀን ውስጥ ሁለተኛ ልጅሽም ሞተ ማለት ለማንም አይቻልም፤ እሺ። ግን እናትየው በሦስተኛው ዓመት ሞተች። አባቷ ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ኖሩ። አሥራ ስድስት ዓመት በዚያች ልብስ ሰፊ በር አለፉ። የደንብ ልብሳቸው ሲቀደድ የምትሰፋላቸው እሷ ነበረች። «የከዳተኛ እህት» ስትባል ሰምተዋል፤ ቀለበቱ ሲመለስ ሰምተዋል፤ ሰምተው ኮቱን ተቀብለው አመስግነው ሄደዋል። ደብዳቤው ደግሞ ቦርሳቸው ውስጥ፣ ጎናቸው ላይ እየተንጠለጠለ ነበር።

መምህርቷ ተነስታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባቷን ፎቶግራፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው። «አታየኝ» አለችው። «እኔ ያንን ሁሉ ሰው የሰደብኩት አንተን ይዤ ነው።» የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእሷ ነው። የሞተ ሰው ደግሞ አይመልስም፤ ተቆጥተውት የልብ አያደርስም።

እውነቱን ለመናገር ሌላ ነገርም አሰበች። ፖስታውን ቦታው መልሳ ካርቶኑን መጫን አሰበች። ይህ ሐሳብ ሻይ እስኪፈላ ድረስ አብሯት ቆየ። ከዚያ የተሻለ የሚመስል መጣ፤ ለዳኛው ብቻ በድብቅ ሰጥታ፣ ከድሮ ሰነድ መሐል ተገኘ ብላ፣ ስሙን ማስቀረጽ። ልጁም ድንጋዩ ላይ ይወጣል፣ አባቷም ገጽ ዘጠኝ ላይ ይቀራሉ። ሁለቱንም ሐሳቦች ልክ ሲኮርጅ እንደተያዘ ተማሪ አፍራ አባረረቻቸው። ደብዳቤው የዳኛው አይደለም። የእሷም አይደለም። ተቀባይ አለው።

በማግስቱ ማለዳ ማዘጋጃ ቤቱ ሲከፈት ከጸሐፊዋ ላይ መዝገቡን ተውሳ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄደች። ሱቁ አንድ በርና አንድ መስኮት ያለው ነው፤ ግማሹን የስፌት መኪናው ይዞታል። ልብስ ሰፊዋ ነጩን የድንጋይ መሸፈኛ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠርዙን እያጠፈች ትሰፋለች። ቀና አላለችም።

«አርብ ብያለሁ። ገና አላለቀም።»

«እትዬ፣ ስለ ጨርቁ አይደለም የመጣሁት» አለች መምህርቷ። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ መግቢያና ማጠቃለያ ያለው። አንዱም አልመጣላትም። «ደብዳቤ ይዤልዎት መጥቻለሁ። አባቴ ሳያደርሰው የቀረ ነው። ትናንት ቦርሳው ውስጥ አገኘሁት።»

የመኪናው ድምፅ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ፖስታውን ተቀብላ ማኅተሙን አየችው፤ ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን አነበበች። በጣቷ መስመር በመስመር ወረደች። «ስትስቅ ሰማኋት» ከሚለው ላይ ጣቷ ቆመ።

«የምትስቀው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለች። «አባትሽ በበራችን ባለፈ ቁጥር ደብዳቤ አልሰጣትም። ደብዳቤ ካልመጣ ልጄ ደህና ነው ትላለች። ለዚህ ነው ውሃ ይዛ የምትወጣለት። ይህ ሰው መልካም ሰው ነው፣ ልጄን አይገድልብኝም ትለኝ ነበር።»

መምህርቷ መዝገቡን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠች።

«እናቴ አልከፋትም፤ እየሳቀች ነው የሞተችው። ለእሷ ይሁን፤ እሺ፣ ምሬዋለሁ። እኔስ?» ድምጿ ከፍ አላለም፤ መቀሱን ግን ጠረጴዛው ላይ እስኪጮህ ጣለችው። «እኔ ማንበብ እችል ነበር። በሩ ላይ ከእናቴ ኋላ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ለእኔ ሹክ ቢለኝ ምን ነበረበት? ኮቱን ስሰፋለት ጉልበቱ እዚህ፣ እዚህ ነበር፤ እኔ መርፌ ይዤ፣ እሱ ደብዳቤ ይዞ። የሰው ሁሉ መሳቂያ ስሆን እጅሽ ይባረክ ይለኛል።»

«እውነትዎን ነው» አለች መምህርቷ።

ልብስ ሰፊዋ ፖስታውን መለሰችላት። «ክፈቺና አንብቢልኝ። አባትሽ ቆሞ ነበር የሚያነበው። አንቺም ቆመሽ አንብቢ።»

መምህርቷ ከፈተችው። ሠላሳ ዓመት ክፍል ፊት ቆማ አንብባለች፤ መርዶ ግን አንብባ አታውቅም። ደብዳቤው አጭር ነው። የልጁ ስም፣ የጦር ክፍሉ ቁጥር፣ ቀኑ። «ልጅዎ፣ ጓዶቹ እንዲያፈገፍጉ ሲያደርግ፣ የተሰጠውን ስፍራ ሳይለቅ ወድቋል።»

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«መጨረሻውን ብቻ።»

«የተሰጠውን ስፍራ ሳይለቅ ወድቋል።»

«ስፍራውን ሳይለቅ» አለች ልብስ ሰፊዋ። አላለቀሰችም። ተነስታ የሱቋን በር እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ከፊት ለፊት የአናጢው ሱቅ ነው። አናጢው አርጅቷል፤ ሌላ አግብቶ የልጅ ልጅ አይቷል። በሩ ላይ ቆማ፣ ለማንም ሳትል ለመንገዱ ሁሉ፣ «ስፍራውን ሳይለቅ ነው የሞተው» አለች። አናጢው መጋዙን አቆመ። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ ተመልሳ ገብታ ተቀመጠች።

መዝገቡ ላይ ፈረመች። ቀን የሚጻፍበት ቦታ ላይ የዛሬውን ቀን ጻፈች፣ ቁጥሩን ደጋግማ በማድመቅ።

መምህርቷ መዝገቡን ስትዘጋ የመጣችበትን ነገር ተናገረች። «እትዬ፣ ስለ አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን ቸኮለሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ክሩን መርፌው ውስጥ እያስገባች። «አባትሽ በሬ ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ መጥቶ ተመልሷል። አንቺም አሥራ አንድ ጊዜ መጥተሽ ተመለሺ። በአሥራ ሁለተኛው አስብበታለሁ።»

ዳኛው መዝገቡንና ደብዳቤውን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። በሩ እንዲዘጋ አዘዙ። መጥፎ ሰው አይደሉም፤ የሚያስጠላውም ይህ ነው።

«ስሙ ይቀረጻል» አሉ። «ግን መምህርት፣ የአባትዎን ነገር ማንሳት ምን ይጠቅማል? ከሰነድ መሐል ተገኘ ብንል ይበቃል። መጽሐፉ ታትሟል። አባትዎ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ የሞተን ሰው…»

«የሞተ ሰው ስም ሠላሳ አራት ዓመት ሲጎድፍ ኖሯል» አለች። «እርስዎም ትናንት አጎደፉት፣ በእኔ ጽሑፍ። ባለሆቴሉም አጎደፈው።» ባለሆቴሉ ዛሬም መስኮቱን ያያል። «እርስዎ አንቀጹን ይውደዱት፤ እኔ እንዳለ አልተወውም። ስንት ቅጂ ነው ያሳተምነው?»

«ሦስት መቶ።»

«ይምጣ።»

ሦስት መቶውም በካርቶን መጣላት። ቀይ እስክሪብቶዋን አውጥታ፣ የፕላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ገጽ ዘጠኝን እየገለጠች «ከእጁ የቀረ አንድም ደብዳቤ የለም» የሚለውን እየሰረዘች ከጎኑ «አንድ ቀርቷል» ብላ ጻፈች። ሦስት መቶ ጊዜ። እስክሪብቶው መሐል ላይ አለቀባት፤ ሌላ ገዝታ ቀጠለች። ዳኛው መጀመሪያ ቆመው አዩዋት፤ ከዚያ ካርቶኑን ወደ እሷ አስጠጉላት። ከዚያ በላይ አላደረጉም።

ድንጋይ ጠራቢው ስሙን ታች፣ በቀረችው አንዲት መስመር ላይ ቀረጸው። ታላቁ ከላይ ስድስተኛ ነው፤ ታናሹ ከሁሉም በታች። ጎን ለጎን ማድረግ አልተቻለም።

በምረቃው ዕለት የመሸፈኛው ጨርቅ ጠርዝ ግማሹ ብቻ ታጥፎ ተሰፍቶ ነበር። ግማሹ ክሩ እየተበተነ ተንጠልጥሏል፤ ልብስ ሰፊዋ ደብዳቤው በመጣ ሰዓት የተወችው ቦታ ላይ ነው የቆመው። ዳኛው ጨርቁን ሲስቡ ሕዝቡ አጨበጨበ። ልብስ ሰፊዋ ከሕዝቡ ኋላ ቆማ የታችኛዋን መስመር አነበበችና፣ ንግግሩ ሳይጀመር ሄደች። የፖስተኛው ቦርሳ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም።

ከሦስት ቀን በኋላ መምህርቷ ወደ ሱቁ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ የሰው ኮት እጅጌ ትሰፋለች። መኪናውን አላቆመችም።

«ስንተኛሽ ነው?»

«ሁለተኛዬ።»

«ስትወጪ በሩን ዝጊው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ንፋስ ይገባል።»